በረዶ በሌለበት ጎንደር የፊገር ስኬቲንግ ልምምድን ጎማ በተገጠመለት ጫማ መቀጠል ይቻላል?

የአዘዞው አባት፦
ጤና ይስጥልኝ። የ13 ዓመት ልጄ ከእናቷ ጋር ኖርዌይ በቆየችባቸው ሦስት ዓመታት ፊገር ስኬቲንግ፣ ማለትም ምላጭ ባለው ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ መዞርንና መዝለልን፣ ተምራ፣ ባለፈው ጥቅምት ወደ ጎንደር ተመልሳለች። አራት ጎማ በአንድ መስመር የተደረደረበት ጫማ ገዛሁላት፤ ቀጥ ብላ ስትሄድ አትቸገርም፣ ከፊት ወደ ኋላ ልትዞር ስትል ግን ጎማው አስፋልቱን ይይዝና ትወድቃለች። ቅዳሜ ዕለት መዳፏ ተልጦ መጣች። ጥፋቱ የጫማው ነው ወይስ የአስፋልቱ? ልምምዱስ የተማረችውን ያበላሽባት ይሆን?

ጎማ ለዋጩ፦
ወንድሜ፣ የበረዶ ጫማ ምላጭ እንደ ጀልባ ወለል ወደ ታች ጎበጥ ያለ በመሆኑ በአንድ ጊዜ በረዶውን የሚነካው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው፤ መዞርን የሚያቀልለውም ይኸው ነው። የእርስዎ ጫማ ግን አራቱም ጎማዎቹ እኩል ስለሚረግጡ ቀጥ ብሎ መሄድን ይወዳል። ለፊገር ተብሎ የተሠራ፣ መካከለኛ ጎማው ዝቅ ያለና በምላጩ ፊት ባሉት ጥርሶች ፋንታ ከፊቱ የላስቲክ ማቆሚያ ያለው ጫማ አለ፤ እሱ እስኪገኝ ድረስ ጎማዎቹ 80 ሚሊ ሜትር ከሆኑ የፊተኛውንና የኋለኛውን በ76 ሚሊ ሜትር ይለውጧቸው። ሁለቱ ጎማዎች ከመሬት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይላሉ፤ ዓይን ባያየውም እግር ወዲያው ያውቀዋል። አዲስ ጎማ ካጡ ያለቁትን ወደ ዳር፣ ያላለቁትን ወደ መሀል ያዛውሩ፤ እኔ የማደርገው ይህንኑ ነው።

የበረዶ ተማሪ የነበረችው፦
ስለ ጎማው እስማማለሁ፤ የመዳፏ ቁስል ግን በመዞር ብቻ የመጣ አይመስለኝም። በረዶ ላይ ምላጩን ወደ ጎን አዙሮ በረዶውን እየፋቀ መቆም የለመደ እግር፣ አስፋልት ላይ ያንኑ ሲያደርግ ጎማው አይንሸራተትም፤ እግር በድንገት ይቆማል፣ ሰውነት ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ስለዚህ አንዱን እግር ከኋላ አግድም እየጎተቱ መቆምን አስቀድማ ትልመድ። ከዚያ በሲሚንቶ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ በጠመኔ ክብ ሥሩላትና በጫማው የውስጥና የውጭ ጠርዝ (እግሯን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዘንበል አድርጋ)፣ ወደፊትም ወደ ኋላም፣ መስመሩን ሳትለቅ ትሂድ፤ ወደ በረዶ ስትመለስ ከሁሉ በላይ የሚጠቅማት ይህ ነው። ዝላዩን ግን በስፖርት ጫማ ሣር ላይ ትሥራው። በተለይ አክስል የሚባለው ዝላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 በዘለለው ኖርዌጂያዊ አክሰል ፖልሰን ስም የተጠራው፣ ወደፊት እየሄዱ ተነሥተው አንድ ተኩል ዙር አየር ላይ ዞረው ወደ ኋላ የሚያርፉበት ስለሆነ፣ በጎማ የሚጀመር አይደለም።

የማራኪው፦
ከፒያሳ ወደ ታች በሚወርዱት መንገዶች አትሞክረው፤ ባጃጁ ብቻውን ይበቃል። ከባሕር ዛፍ ሥርም ትራቅ፣ አንዲት የወደቀች ፍሬ ጎማ ሥር ገብታ ታቆመዋለችና። ክረምት ላይ ኩሽኔታው ውኃ ከነካው በዚያው ቀን አውጥተው ያድርቁትና የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያድርጉበት፤ አለዚያ ዝጎ ይቀራል።

የአዘዞው አባት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማምሻውን ቡሎኖቹን ፈትቼ ሳይ የሁሉም ጎማ የውስጥ ጎኑ ተበልቷል፤ በሚገፋው በቀኝ እግሯ ደግሞ ይብሳል። ወደ ዳር ያዛወርኳቸውን የተበላው ጎናቸው ወደ ውጭ እንዲሆን ገልብጬ አስሬያቸዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ጠመኔ ይዘን እንወጣለን።