የአፈጻጸም ማነጻጸሪያ ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
በማኅበራችን በተባባልነው መሠረት ረቂቁ ይኸው። እያንዳንዱ ነጻ የመድን ወኪል ቢሮ (ለአንድ መድን ሰጪ ብቻ ሳይታሰር የተለያዩ ኩባንያዎችን መድን የሚሸጥ) የዓመቱን ቁጥር ይልካል። ከዚያ ከመሰሎቹ አንጻር የት እንደቆመ ያያል። ለጊዜው አምስት መለኪያ አስገብቻለሁ፦ የደንበኛ እድሳት፣ ዕድገት፣ ትርፍ፣ አንድ ሠራተኛ የሚያስገባው ገቢ፣ የካሳ ምጣኔ (ደንበኞች ከከፈሉት የመድን ዋጋ፣ ማለትም ከአረቦኑ፣ ለካሳ የወጣው ድርሻ)። የማይረባውን ሰርዙ፣ አልቀየምም።

አባል (አነስተኛ ቢሮ)፦
ከመሰረዙ በፊት አንድ ነገር። «እድሳት» ስንል ምኑን ነው የምንቆጥረው? የእኔን ልንገራችሁ። 200 ደንበኞች ነበሩኝ፤ 180ዎቹ አደሱ። 90 በመቶ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከሄዱት 20 አንዱ ግን ፋብሪካ ነበር። የኮሚሽኔን ሩብ ይዞብኝ ነው የወጣው። በኮሚሽን ሳሰላው 70 በመቶም አልሞላ። ተቃራኒውም አለ፤ አረቦን በተወደደበት ዓመት ደንበኛ እየሸሸ ገንዘቡ ግን ሙሉ ይመስላል። ሁለቱም ይጠየቅ፦ በደንበኛ ብዛትም፣ በኮሚሽንም።

ጸሐፊ፦
ልክ ነዎት፤ ሁለቱም ገብቷል።

አባል (የሒሳብ ባለሙያ)፦
ትርፍ ላይ ደግሞ የባሰ አለ። አንዱ ባለቤት ቀኑን ሙሉ ሲሸጥ ይውልና ለራሱ ደመወዝ አይቆርጥም። ትርፉ ወረቀት ላይ ያብጣል። ሌላው የቤቱን ስልክ ሳይቀር በቢሮው ሒሳብ ይከፍላል። የእሱ ይከሳል። እነዚህን ጎን ለጎን አቁመን ምን ልንማር ነው? ቅጹ «የባለቤቱን ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራው ስንት ይከፈለው ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ለመድን ሰጪው የምናስተላልፈው አረቦንም ገቢ ተብሎ እንዳይደመር፤ የእኛ ኮሚሽኑና የአገልግሎት ክፍያው ነው። ካሳ ሲያንስ ኩባንያዎች የሚጨምሩልን ኮሚሽን ለብቻው ይጻፍ። ዘንድሮ ይመጣል፣ ለከርሞ ላይኖር ይችላል።

አባል (ትልቅ ቢሮ)፦
የአሜሪካ ወኪሎች «የ20 ደንብ» የሚሉት ስሌት አላቸው። የዕድገት መቶኛ ላይ የትርፍ ህዳጉን (ከገቢው ትርፍ የሆነውን መቶኛ) ግማሽ መደመር ነው፤ ህዳጉ ወለድ፣ ግብርና የእርጅና ተቀናሽ ሳይነሱለት። ዕድገቱ 8 በመቶ፣ ህዳጉ 24 በመቶ የሆነ ቢሮ 8 ሲደመር 12፣ 20 ይሆናል። እዚያ የደረሰ ጥሩ ላይ ነው ይባላል። ሌላ ቢሮ በመግዛት የመጣ ዕድገት ግን አይቆጠርም።

አባል (አነስተኛ ቢሮ)፦
ይግባ፤ ግን ማለፊያ ነጥብ አይሁን። ሦስት ሠራተኛ ላለው ቢሮ አንድ ደንበኛ መምጣትና መሄዱ ስሌቱን ያናጋዋል። የካሳ ምጣኔም እንደዚያው ነው። አንድ ቃጠሎ ዓመቱን ይበላዋል። የሦስት ዓመት ድምር ይታይ።

አባል (የሒሳብ ባለሙያ)፦
እስማማለሁ። አማካይ ሳይሆን መሃል ላይ ያለው ቢሮ ቁጥር ይውጣ፤ አንድ ግዙፍ ቢሮ አማካዩን ይጎትተዋል።

አባል (ትልቅ ቢሮ)፦
ተፎካካሪዬ ቁጥሬን እንዲያይ ግን አልፈልግም።

ጸሐፊ፦
ቁጥሩ የሚደርሰው ከማኅበሩ ውጭ ላለ ሒሳብ አዋቂ ብቻ ነው። በአንድ ምድብ ከአምስት ቢሮ በታች ከሆነ ውጤቱ አይወጣም። የወደፊት የአገልግሎት ክፍያም አንጠይቅም፤ በዋጋ ተስማሙ እንዳንባል። ያለፈው ዓመት ይበቃናል። አሁን የቀረኝ ቅጹን የሚሞክርልኝ ሰው ነው።

አባል (አነስተኛ ቢሮ)፦
እኔ ልሙላው። የፋብሪካውን ነገር እንደሆነ አንዴ አውጥቼዋለሁ።