ካርል ሹርዝ፦ ከጀርመንኛ ጋዜጣ እስከ አሜሪካ ሴኔት

በአሜሪካ የምንኖር የተከበራችሁ ወገኖች፣ በአማርኛ ጋዜጣና ሬዲዮ ላይ የምናሳልፈው ጊዜ ከአሜሪካ ፖለቲካ ያርቀናል ወይ ተብሎ ለተነሣው ጥያቄ፣ የካርል ሹርዝ ሕይወት ጥሩ ማስረጃ ስለሚሆነን ላካፍላችሁ ወደድኩ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሹርዝ በ1829 በጀርመን በኮሎኝ አቅራቢያ ተወለደ። የቦን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በጀርመን ነገሥታት ላይ በተነሣው በ1848ቱ አብዮት ከመምህሩ ከጎትፍሪድ ኪንክል ጋር ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፤ አብዮቱ ሲከሽፍ በፕሩሲያ ጦር ከተከበበው የራሽታት ምሽግ በፍሳሽ ቦይ ሾልኮ አመለጠ፤ ኋላም በድብቅ ተመልሶ መምህሩን ከእስር ቤት አስመለጠ።

በ1852 አሜሪካ ሲገባ እንግሊዝኛ እምብዛም አያውቅም ነበር። የሰዋስው መጽሐፍ ከመያዝ ይልቅ የፊላደልፊያን ጋዜጣ በየቀኑ ከርዕሰ አንቀጹ እስከ ማስታወቂያው ያነብ ጀመር፤ ቆይቶም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያዞረውና ከመነሻው ጋር ያስተያየው ነበር። አዲስ ለመጡ ወንድሞችና እኅቶች ከዚህ የተሻለ የቋንቋ መማሪያ መንገድ አላውቅም።

በ1860 ለሊንከን ምርጫ በጀርመኖች መካከል ቀሰቀሰ፤ በስፔን የአሜሪካ መልእክተኛ፣ በእርስ በርሱ ጦርነትም ጄኔራል ሆነ። ለጥያቄያችን ዋናው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ በ1867 በሚዙሪ ግዛት ያለችው ሴንት ሉዊስ ከተማ ገብቶ የጀርመንኛው ጋዜጣ የ«ቬስትሊቸ ፖስት» አዘጋጅና ባለድርሻ ሆነ፤ ጋዜጣው በ1868 ጆሴፍ ፑሊትዘር የተባለውን ወጣት የሃንጋሪ ስደተኛ በዘጋቢነት ቀጠረ። ሹርዝ ሴንት ሉዊስ ከገባ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በዚያ ዘመን ሥርዓት መሠረት የሚዙሪ ግዛት ምክር ቤት ለአሜሪካ ሴኔት መረጠው፤ በጀርመን ተወልዶ ሴናተር በመሆን የመጀመሪያው ነው። በእናት ቋንቋው መጻፉ መራጩን ሕዝብ አሰባሰበለት እንጂ አላገደውም።

ያም ሆኖ የሚያሳዝነኝን ነገር አልሸሽግም። በ1865፣ ጦርነቱ ሲያበቃ፣ የአሜሪካን ደቡብ ዞሮ ጥቁሮች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ያሳሰበው ሰው፣ በ1871 ጥቁሮችን ያሸብር የነበረውን ኩ ክሉክስ ክላን የተባለ ቡድን ለመግታት የወጣውን ሕግ ተቃወመ፤ እኛ ጥቁር ስደተኞች ይህን በቸልታ ልናልፈው አይገባም።

ከ1877 እስከ 1881 የአገር ውስጥ ሚኒስትር ከሆነ በኋላ ወደ ጋዜጣ ሥራ ተመልሶ በኒው ዮርክ በአዘጋጅነት አገልግሏል። ሕገ መንግሥቱ ለውጭ ተወላጅ ከማይፈቅደው ፕሬዚዳንትነት በቀር ታላላቆቹ በሮች ተከፍተውለታል። ባለቤቱ ማርጋሬተም በ1856 በዊስኮንሲን በጀርመንኛ የሚያስተምር መዋዕለ ሕፃናት ከፍታለች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። የልጆቻችንን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ጉዳይ ስንወያይ እርሷንም እንድናነሣት እጠይቃለሁ።