ባጃጅ፦ ሞተር ላሠራ ወይስ ሸጬ ልቀይር? (ድሬዳዋ)

ጥያቄ፦ ባለ 4 ስትሮክ፣ 7 ዓመት የሠራች ናት። ከከዚራ ሳቢያን ነው ምልልሷ። ሰማያዊ ጭስ ጀምራለች፣ በሳምንት ግማሽ ሊትር ዘይት ትጠጣለች። እስከ መቼ ልያዛት?

መልስ 1፦ አቦ፣ መጀመሪያ ጭሱን ለይ! ጠዋት ስትነሳ ብቻ አጭሳ ከጠራች የቫልቭ ዘይት መያዣ ጎሚኒ ነው፤ ለዚህ ብለህ ባጃጇን አትሸጥም። ሰው ጭና ስትጎትት ከሆነ ግን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጠርጥር። ሞተሩን አሙቅ፣ ካንዴላ ፍታ፣ ጋዙን ሙሉ ከፍተህ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ለካ። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገም። ቁጥሩ በደንብ ከወጣ ፋሻና ሲሊንደር፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው።

መልስ 2፦ ሞተር ተጠግኖ ይሠራል፤ ባጃጅ የሚሸጠው ሻንሲው (የብረት አካሉ) ሲያልቅ ነው። የኋላ እግሮቹ የታሰሩበትንና የፊት ሹካውን አንገት ቀለሙን ፍቀህ እይ። ብየዳ ላይ ብየዳ ካለ አትድከም። ደህና ከሆነ ቶርኖ ቤት ሲሊንደሩን በ0.25 ሚሜ አስፍተው ትልቅ ፒስተን ይገጥማሉ። ከዚህ በፊት እስከ መጨረሻው ልክ ከሰፋ አዲስ ሲሊንደር ነው። የደቻቱ ወንዝን አሸዋ ደግሞ አትርሳ፤ የአየር ፊልትሮው ካልጸዳ አዲሱንም ፋሻ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

መልስ 3፦ የ12 ወር የጥገና ወጪህን ጻፍ፣ የቆመችባቸውን ቀናት ገቢ ደምርበት (ይሄን ሁሉም ይረሳዋል)። ድምሩ አዲሷ በዓመት ከምትጥለው ዋጋና ከብድሩ ወለድ ከበለጠ ሽጥ። ቦሎ አሳድሰህ ግን።

ጠያቂ፦ የምታጨሰው ሰው ጭና ነው። ነገ አስለካታለሁ።