የኪንግ ካውንቲ ምርጫ፣ ኖቬምበር 2025፦ የካውንቲው ሥራ አስፈፃሚና ሁለቱ «ፕሮፖዚሽን 1»

ጥያቄ | ጀማሪ መራጭ፣ ሬኒየር ቢች

ሰላም ለሁላችሁም። በዚህ ዓመት ዜግነቴን አግኝቼ በኖቬምበር 4 ቀን 2025 ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ለመስጠት የተዘጋጀሁ የሲያትል ነዋሪ ነኝ። የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ደርሶኝ ከፊት እስከ ጀርባ አንብቤዋለሁ። የከንቲባውንና የከተማውን ምክር ቤት ክፍል ሳልቸገር ተረድቼዋለሁ፤ የካውንቲው፣ ማለትም ሲያትልንና በዙሪያዋ ያሉ ከተሞችን የሚያቅፈው የኪንግ ካውንቲ አስተዳደር፣ ክፍል ግን ግር ብሎኛል።

«ፕሮፖዚሽን ቁጥር 1» የሚል፣ መራጩ እንዲያጸድቀው ወይም እንዲጥለው የቀረበ ጉዳይ ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ አንዱ በኪንግ ካውንቲ፣ ሌላው በሲያትል ከተማ ስም። የካውንቲው ለድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት የሚሰበሰበውን የንብረት ግብር ለስድስት ዓመት ለማስቀጠል ነው ይላል። እስካሁንም የምንከፍለው ከሆነ ለምን እንደገና እንጠየቃለን? ባይጸድቅስ ግብሬ ይቀንሳል ማለት ነው? የንብረት ግብሬ ከሞርጌጁ (ከቤት ብድሬ ክፍያ) ጋር አብሮ ስለሚቆረጥ፣ የወር ክፍያዬ ከፍ ባለ ቁጥር ምክንያቱ የትኛው ግብር እንደሆነ ለይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የካውንቲውን ሥራ አስፈፃሚ ይመለከታል። ይህ ሹመት ከከንቲባው በምን ይለያል? ከዕጩዎቹ አንዱ ስለሆነው ግርማይ ዛሂላይ በየቡና ቤቱ የምሰማው ሁሉ «ግርማይ የእኛው ልጅ ነው» ከሚለው አያልፍም። እኔ ግን ድምፄን ከመስጠቴ በፊት ሰውየው የሚወዳደርበትን ሥራ ማወቅ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ 1 | የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሬንተን

እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ሁለቱ ፕሮፖዚሽኖች ከቁጥራቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ እያንዳንዱ መስተዳድር የራሱን ጉዳይ ከአንድ ጀምሮ ስለሚቆጥር ነው እንዲህ የተገጣጠሙት። የከተማው ፕሮፖዚሽን 1 ለትምህርት የሚውል ሌቪ (መራጮች ለተወሰነ ዓላማና ጊዜ የሚያጸድቁት የንብረት ግብር) ሲሆን፣ ለቅድመ መደበኛ ትምህርት፣ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ለሚሰጥ ድጋፍና ከሲያትል ሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተመርቀው ኮሌጅ ለሚገቡ ተማሪዎች ይውላል። የካውንቲው ደግሞ «ሜዲክ ዋን» በሚለው ስም የሚታወቀውን የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት ይመለከታል። እባክዎ ምልክት ከማድረግዎ በፊት ከቁጥሩ በላይ የተጻፈውን የመስተዳድሩን ስም ያንብቡ፤ አንዱን ደግፎ ሌላውን መቃወም የፈለገ ሰው በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል።

ለምን እንደገና እንጠየቃለን ላሉት፣ ይህ ዓይነቱ ሌቪ የጊዜ ገደብ ስላለው ነው። አሁን የምንከፍለው በ2019 በመራጮች ጸድቆ ከ2020 እስከ 2025 የሚሰበሰብ ሲሆን በዲሴምበር መጨረሻ ያበቃል። አዲሱ ከ2026 እስከ 2031 ይሆናል። ካልጸደቀ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ርዕስ የሚሰበሰብ ገንዘብ ስለማይኖር ግብርዎ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በካውንቲው ሁሉ ለፓራሜዲኮች (ታማሚው ወዳለበት ሄደው ለሚያክሙ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች) የሚከፈለው ዋነኛው ገንዘብም አብሮ ይቋረጣል።

የተጠየቀው መጠን ካውንቲው በቤትዎ ላይ ባወጣው ግምት በየ1,000 ዶላሩ 25 ሳንቲም ነው። ቤትዎ 600,000 ዶላር ከተገመተ በዓመት 150 ዶላር፣ በወር 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። የ2020ው መነሻ 26 ሳንቲም ተኩል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ25 ሳንቲም በታች ወርዷል። ስለዚህ አዲሱ መነሻ ከቀድሞው መነሻ ያነሰ ቢሆንም፣ ዘንድሮ ከምንከፍለው ግን በመጠኑ ከፍ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ላብራራ። በዋሽንግተን ክልል ሕግ መሠረት አንድ መስተዳድር መራጮችን ሳያስፈቅድ የሚሰበስበውን ጠቅላላ የንብረት ግብር በዓመት ከ1 በመቶ በላይ ማሳደግ አይችልም፤ በአዲስ ሕንፃዎች ላይ የሚጣለው ብቻ ከዚህ ውጭ ነው። የቤቶች ግምት በአንድ ዓመት 10 በመቶ ቢጨምር የሚሰበሰበው ገንዘብ በ10 በመቶ አያድግም፤ ይልቁንም በየ1,000 ዶላሩ የሚታሰበው ተመን ዝቅ ይላል። የእርስዎ ግብር በግምት ምክንያት ከሌሎች ይልቅ የሚጨምረው የቤትዎ ግምት ከጎረቤቶችዎ ግምት በበለጠ ፍጥነት ካደገ ነው። የባለሙያ ደመወዝ፣ የነዳጅና የመድኃኒት ዋጋ ደግሞ በ1 በመቶ አይወሰንም። ካውንቲውም ከተሞቹም በየጥቂት ዓመቱ ወደ እኛ የሚመለሱት ይህ ክፍተት በየጊዜው ስለሚሰፋ ነው።

የወር ክፍያዎ ለምን ከፍ እንዳለ ለማወቅ ከባንኩ የሚላከውን ደብዳቤ ብቻ አይመልከቱ። በካውንቲው ድረ ገጽ የንብረትዎን ቁጥር ቢያስገቡ ግብርዎ ለክልሉ፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለከተማው፣ ለካውንቲው፣ ለወደቡና ለሌሎችም እንዴት እንደተከፋፈለ በዝርዝር ያሳይዎታል። ከፍተኛው ድርሻ ለትምህርት የሚውለው መሆኑን ሲያዩ የድንገተኛ ሕክምናው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገነዘባሉ።

አገልግሎቱን በተመለከተ የራሴን አቋም አልደብቅም፤ እደግፈዋለሁ። ሜዲክ ዋን በ1970 በሃርበርቪው ሆስፒታልና በሲያትል እሳት አደጋ መምሪያ ትብብር የተጀመረ ሲሆን፣ ሐሳቡ የልብ ሐኪሙ ዶክተር ሌናርድ ኮብ እና የእሳት አደጋ ኃላፊው ጎርደን ቪከሪ ያመነጩት ነበር፤ ታማሚው ሆስፒታል እስኪደርስ ከመጠበቅ ይልቅ ሕክምናውን ወደ ታማሚው ቤት መውሰድ። ከ1979 ጀምሮ የካውንቲው ሕዝብ በድምፁ ሲያጸድቀው ኖሯል። ልቡ ለቆመ ሰው የእያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ ከፍ ያለ ነው፤ ስልክ በተደወለ በደቂቃዎች ውስጥ የሰለጠነ ሰው ደጃፍ ላይ መድረሱን እንደ ቀላል ነገር ማየት አይገባንም።

መልስ 2 | ተከራይ፣ ሲታክ

የተከበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔም ለድንገተኛ ሕክምናው ድጋፌን እሰጣለሁ። ነገር ግን የእነዚህ ሌቪዎች ክምችት ሊያሳስበን ይገባል። በኦገስት የፓርኮችን ሌቪ በየ1,000 ዶላሩ 23 ሳንቲም ገደማ አድርገን አጽድቀናል። በዚሁ በጋ ደግሞ የካውንቲው ምክር ቤት ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤትና ለመሳሰሉት የሚውል የ0.1 በመቶ የሽያጭ ግብር ጭማሪ አጽድቋል፤ ይህ የክልሉ ሕግ ለምክር ቤቱ በሰጠው ሥልጣን የተደረገ ስለሆነ እኛ ድምፅ አልሰጠንበትም። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዕቃ በገዛን ቁጥር እንከፍለዋለን።

«እኔ ቤት የለኝም፣ የንብረት ግብር አይመለከተኝም» የሚሉ ወገኖችን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አከራዩ የሚከፍለው ግብር ኪራይ ሲታደስ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ዋሽንግተን በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር ስለሌላት መንግሥት የሚተዳደረው በአብዛኛው በሽያጭና በንብረት ግብር ሲሆን፣ በዚህ አሠራር ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ከገቢው አንጻር የሚከፍለው ድርሻ ከባለጸጋው ይበልጣል። የሰው ሕይወት የሚያድን አገልግሎት በየስድስት ዓመቱ በምርጫ ውጤት ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩም ለእኔ ትክክል አይመስለኝም፤ በቋሚ በጀት መያዝ ነበረበት። ይህን ማስተካከል የሚችለው ኦሊምፒያ የተቀመጠው የክልሉ ምክር ቤት ስለሆነ፣ ጥያቄያችንን ለክልል ተወካዮቻችንም ማቅረብ አለብን።

መልስ 3 | እናት፣ ስካይዌይ

ልጆቼ፣ ስለ ግብሩ ስትነጋገሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዕድሜው 61 የሞላው ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ከሥራ የወጣ የቤት ባለቤት፣ በራሱ ቤት የሚኖርና የዓመት ገቢው ከ84,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ፣ የንብረት ግብር ቅነሳ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለካውንቲው የንብረት ገማች ጽሕፈት ቤት ነው። እኔ ከተጠቀምኩበት ወዲህ ክፍያዬ በግልጽ ቀንሷል። በማኅበራችን ግን ሳያውቁት ሙሉውን የሚከፍሉ አረጋውያን አሁንም አሉ፤ እባካችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፣ ቅጹንም አብራችሁ ሙሉላቸው።

መልስ 4 | የአውቶቡስ ሹፌር፣ ቱክዊላ

ስለ ሥራ አስፈፃሚው የተጠየቀው አልተመለሰምና እኔ ልሞክር። ከንቲባው የሚያስተዳድረው አንድ ከተማ ነው፤ የኪንግ ካውንቲ ሥራ አስፈፃሚ ኃላፊነት ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባቸውን 39 ከተሞችና ከከተሞች ክልል ውጭ ያሉትን ሰፈሮች የሚነካ ነው። እኔ የምሠራበት የሜትሮ አውቶቡስ፣ የካውንቲው እስር ቤቶች፣ የሕዝብ ጤና መምሪያው፣ ፓርኮቹና የፍሳሽ ማጣሪያው በእርሱ ሥር ናቸው። ሸሪፉ (የካውንቲው ፖሊስ ኃላፊ) በ2020 በተደረገ የቻርተር፣ ማለትም የካውንቲው መተዳደሪያ ሕግ፣ ለውጥ መሠረት በሕዝብ መመረጡ ቀርቶ በሥራ አስፈፃሚው እየታጨ በምክር ቤቱ ይጸድቃል። በጀቱን አርቅቆ ዘጠኝ አባላት ላሉት ምክር ቤት የሚያቀርበውም እርሱ ነው። በድምፅ መስጫ ወረቀታችሁ ላይ ያለው የድንገተኛ ሕክምና ሌቪ የተዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው፤ ሥራ አስፈፃሚው ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ተወያይቶ ወደ መራጩ ይልከዋል። ሹመቱንና ግብሩን ለየብቻ ማየት ያስቸግራል የምለውም ለዚህ ነው፤ ዛሬ የምንመርጠው ሰው በሚቀጥሉት ዓመታት የትኛው ሌቪ በምን መጠን ወደ እኛ እንደሚመጣ የሚወስነው የመጀመሪያው ሰው ነው።

ቦታው ክፍት የሆነው ከ2009 ጀምሮ የመሩት ዳው ኮንስታንታይን ዳግም ላለመወዳደር ስለወሰኑ ነው፤ በኋላም የአካባቢው የባቡርና የአውቶቡስ ትራንስፖርት ድርጅት ወደሆነው ሳውንድ ትራንዚት ሥራ አስኪያጅነት ሄደዋል። በኦገስቱ የመጀመሪያ ዙር ያለፉት ሁለቱም የምክር ቤቱ አባላት ናቸው። ግርማይ ዛሂላይ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ ተሰደው ሱዳን ሳሉ የተወለደ፣ በደቡብ ሲያትል ያደገና ከ2020 ጀምሮ ሁለተኛውን ቀጣና የወከለ የሕግ ባለሙያ ነው። ክላውዲያ ባልዱቺ የቤልቪው ከንቲባ የነበሩና ስድስተኛውን ቀጣና የሚወክሉ ናቸው። የካውንቲው ሹመቶች ምርጫ ወደ ተጋማሽ ቁጥር ዓመታት እንዲዛወር በ2022 ስለተወሰነ፣ አሸናፊው በዚህ ዙር የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ብቻ ይሆናል።

ከስደተኛ ቤት የወጣ ልጅ እዚህ ደረጃ ሲደርስ ደስ እንደሚለኝ በግልጽ እናገራለሁ። ያም ሆኖ የወገን ልጅ ነው በሚል ብቻ የሚሰጥ ድምፅ እርሱንም እኛንም አይጠቅምም፤ ከተመረጠ በኋላ ሥራውን የምንጠይቅበት መስፈርት አይኖረንምና። ሁለቱንም ስለ አውቶቡስ ውስጥ ደኅንነት፣ ስለ መኖሪያ ቤት ዋጋ፣ ስለ በጀት ጉድለቱ ምን እንዳሉ አንብቡና ለሥራው ይበልጥ ብቁ ነው የምትሉትን ምረጡ። እኔ ያንን አድርጌ ለግርማይ ወስኛለሁ።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ | ጀማሪ መራጭ፣ ሬኒየር ቢች

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እናቴም ስለ ግብር ቅነሳው ያሉትን ለአክስቴ አስተላልፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ የፈረምኩት በአማርኛ ነበር፤ የዜግነት ወረቀቴ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፈርሜያለሁ። በፖስታው ላይ የትኛውን ልጠቀም?

መልስ 5 | የምርጫ በጎ ፈቃደኛ፣ ኬንት

በጣም አስፈላጊ ጥያቄ ነው። በፖስታው ጀርባ ያለው ፊርማ የሚነጻጸረው በምርጫ መዝገብዎ ውስጥ ካለው ጋር ነው፤ በመንጃ ፈቃድ አማካይነት የተመዘገቡ ከሆነ መዝገቡ ላይ ያለው ያ ፊርማ ስለሚሆን በአማርኛ ይፈርሙ። የክልሉ ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ምርመራ፣ በ2020 ምርጫ የጥቁር መራጮች ድምፅ በፊርማ ምክንያት ውድቅ የተደረገበት መጠን ከነጮች አራት እጥፍ እንደነበር አረጋግጧል። ስለዚህ ፊርማዎን ሳይቸኩሉ፣ ሁልጊዜ በሚፈርሙበት መልክ ይፈርሙ፣ ስልክ ቁጥርዎንም በተዘጋጀው ቦታ ይጻፉ። ፊርማው አልተመሳሰለም ከተባለ ደብዳቤ ይላክልዎታል፤ ውጤቱ በኖቬምበር 25 ከመጽደቁ በፊት ቅጹን ሞልተው ከመለሱ ድምፅዎ ይቆጠራል።

ፖስታው ቴምብር አያስፈልገውም። ሆኖም በመጨረሻው ቀን በፖስታ ቤት ሳጥን ውስጥ አይጨምሩት፤ የዚያን ቀን ማኅተም ላይመታበት ይችላል። በምርጫው ዕለት የሚመልሱ ከሆነ እስከ ምሽቱ 8 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ፣ ከካውንቲው የድምፅ መቀበያ ሳጥኖች በአንዱ ይጨምሩት። በቤትዎ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ካለ ደግሞ በስሙ ወረቀት በስህተት ቢመጣ እንኳ እንዳይሞላ ይንገሩት፤ ዜጋ ሳይሆኑ ድምፅ መስጠት ወንጀል ነው፣ የዜግነት ማመልከቻንም ሊያሰናክል ይችላል።