28ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጉልበቴ ያልቃል፤ ምን ልብላ?

እንደምን አላችሁ። ዕድሜዬ 61 ነው፤ የምሮጠው ለደስታዬ ነው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ ተኩል ገደማ እጨርሳለሁ። በዚህ አካሄድ የማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር 6 ሰዓት ይፈጅብኛል። ታላቁ ሩጫን ብዙ ጊዜ ሮጫለሁ፤ ግን 10 ኪሎ ሜትር ሌላ ነገር ነው።

እሁድ እሁድ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ሱሉልታ እወጣለሁ። እስከ 24 ድረስ ሰላም ነኝ። 28 ላይ ባዶ እሆናለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ስኳርና ግፊት ተመርምሬ ደህና ነህ ተብያለሁ።

በሶ በማር ጨብጬ ይዤ ሞከርኩ። አፍ ውስጥ ይደርቃል፤ ባለፈው ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ ግማሽ ኮዳ ውሃ ጨረስኩበት። ቴምር ይሻላል፣ ከሦስት ፍሬ ካለፈ ግን ሆዴን ያገላብጠዋል። ልጄ ከውጭ የላከልኝ የሯጮች ጄል (እየሮጡ የሚመጠጥ ወፍራም ጣፋጭ) አስመለሰኝ። የወጣቶቹ ምክር ደግሞ ሦስት ሰዓት ለሚሮጥ ሰው ነው፤ እኔ መንገድ ላይ የምቆየው እጥፍ ነው። ማራቶን መጨረስ ከልቤ ነው የምፈልገው።

እንደኔ ቀስ እያላችሁ 6 ሰዓት የሮጣችሁ፣ ከስንተኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ምን፣ ምን ያህል ትበላላችሁ?