ከአሳማ አንጀት ተወስዶ ላብራቶሪ ውስጥ የሚበቅል ቲሹ፦ ደሴ ቢመጣ ትደግፋላችሁ?

አድሚን፦ የዛሬው ክርክር ይሄ ነው፣ ስድብ የለም። ውጭ አገር ከአሳማ አንጀት ቁራጭ ወስደው ስቴም ሴሉን (እየተባዛ ሌላ ዓይነት ሴል የሚሆነውን) ላብራቶሪ (ላብ) ውስጥ ያሳድጉና ከአሸዋ የማይበልጥ አንጀት መሰል ኳስ ይሰራሉ፣ ኦርጋኖይድ ይሉታል። ምግብ እንዴት እንደሚመጠጥ ተቅማጥ ከየት እንደሚጀምር ያዩበታል። ደሴ ወይ ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ላብ ቢከፈት ምን ትላላችሁ?

የሙጋድ ልጅ፦ ኧረ በአላህ! ወሎ ላይ አሳማ? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጠየፈውን ነገር? በግ ሞልቶን የለ እንዴ

ሲስተር ዜድ፦ አብሽር ወንድሜ ማንም ብላ አላለህም 😂 ሄፓሪን ታውቃለህ? ደም እንዳይረጋ ለበሽተኛ የምንወጋው፣ አብዛኛው የሚወጣው ከአሳማ አንጀት ሽፋን ነው እኮ

የሙጋድ ልጅ፦ እሱ ደሩራ ነው፣ ነፍስ ለማዳን ተፈቅዷል። ለጥናት ግን ማን አስገደደን? በሻፊዒ የእስልምና መዝሀብ እርጥቡ ከነካህ ሰባት ጊዜ አንዱን በአፈር ነው የምትታጠበው፣ ላብ ውስጥ አፈር ይዘን ልንገባ ነው?

የከብት ዶክተር፦ ጓንት የሚባል ነገር አለ። በጉን ግን ልመልስልህ። በግ ያመሰኳል፣ ምግቡ አንጀት ሳይደርስ ጨጓራው ውስጥ በባክቴሪያ ፈርሶ ነው የሚመጣው ስለዚህ አንጀቱ ስራው ከኛ ይለያል። አሳማ አንድ ጨጓራ ነው ያለው፣ ሳሩንም ስጋውንም ይበላል እንደ ሰው። ዘሌዋውያን 11 ላይ ሰኮናው ተሰንጥቆ ስለማያመሰኳ ነው ርኩስ የተባለው፣ ተመራማሪውም የፈለገው ስለማያመሰኳ ነው እኮ

ጋሽ መምህር፦ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ልጄ፣ የሰው አንጀት በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ቆንጥሮ ማሳደግ ይቻል የለም? አሳማው ለምን ይገባል?

የከብት ዶክተር፦ አንቱ እንዳሉት ይቻላል፣ ይሰራልም። ችግሩ ኢንዶስኮፒ መሃለኛው አንጀት ድረስ በቀላሉ አይደርስም ደግሞ ጤነኛ ሰው ለጥናት ተብሎ ማን ያስቆነጥራል። ከአሳማ ከላይ እስከ ታች ከሁሉም ክፍል ይወሰዳል፣ ላብ ውስጥ ያየኸውንም እዛው አሳማ ላይ ታመሳክራለህ። አንዴ ያሳደግከውን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አስቀምጠህ ለዓመታት ትጠቀምበታለህ፣ የሚታረደው እንስሳ ይቀንሳል። አሜሪካም በ2022 መጨረሻ (በፈረንጅ) መድሃኒት ሁሉ ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የግድ እንስሳ ላይ ይሞከር የሚለውን ከህግ አውጥታለች

ቦርከና ማዶ፦ እኔ ሃይማኖቱ ውስጥ አልገባም፣ እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፣ ያ ኳስ አንጀት ነው ብላችሁ ስታወሩ ነርቭ የለው ደም ስር የለው ጡንቻ የለው አይንቀሳቀስ፣ በሽታ መከላከያ ሴል የለበት፣ ባክቴሪያም የለበት፣ ሽፋኑ ብቻ ነው። እሱም ተገልብጦ ነው የሚያድገው፣ ምግብ የሚነካው ፊት ኳሱ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል ስለዚህ ወይ በቀጭን መርፌ ትወጋዋለህ ወይ ሰባብረህ ሜምብሬን (ቀዳዳ ያለው ስስ ሽፋን) ላይ ታነጥፈዋለህ። የሚያድግበት ማትሪጀል የሚባለው ጄል ደግሞ ከአይጥ እጢ ነው የሚወጣው፣ እንስሳ አዳንን ሲባል ያስቀኛል

ሲስተር ዜድ፦ ሽፋኑ ብቻ ቢሆንስ? አንቺ ደሞ! ኮሌራ የሚያጠቃው ሽፋኑን አይደል እንዴ፣ ግሉኮስ የሚገባው ለተቅማጥ የምንሰጠው ኦአርኤስ የሚሰራውም በሱ ነው። በፈረንጅ 2009 ሆላንድ ዩትሬክት ላይ እነ ሳቶና ክሌቨርስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከአይጥ አንጀት አንድ ስቴም ሴል ብቻ ወስደው ሙሉ ሽፋን ሲያወጡ ትልቅ ነገር የተባለው ለዚህ ነው። እኛ አገር በፈረንጅ 2019ኙ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት 37 በመቶው ቀንጭረዋል፣ ምግብ አጥተው ብቻ አይደለም፣ በቆሻሻ ውሃ ሳቢያ አንጀታቸው ሳያመው እየተጎዳ የበሉትን በደንብ የማይመጥም አሉ። ይሄን ማጥናት ቅንጦት ነው?

ቦርከና ማዶ፦ ቅንጦት አላልኩም። ለዛ ግን መጀመሪያ ንፁህ ውሃና ሽንት ቤት ነው፣ እሱን ለማወቅ ኦርጋኖይድ አያስፈልግም። ደግሞ ማትሪጀል ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ሲሞቅ ይረጋል፣ የፒፔቱ (የፈሳሽ መምጠጫው) ጫፍ ሳይቀር ቀዝቅዞ ካልሰራሽበት እጅሽ ላይ ጄል ይሆናል፣ መቀመጫው ከዜሮ በታች 20 ነው። እስቲ ንገሪኝ መብራት ሲሄድ ሌሊት ማን ተነስቶ ጀነሬተር ያስነሳል?

ሲስተር ዜድ፦ እሱ እውነት ነው። ሆስፒታልም ለክትባት ፍሪጅ እንሳቀቃለን

የሙጋድ ልጅ፦ ጀነሬተሩን እኔ አስነሳለሁ ወላሂ። ውስጥ ግን አልገባም 😂