የ9 ወር ሪፖርት ለምክር ቤት፦ የውስጥ ገቢና የመድኃኒት ፈንድ አቀራረብ

ማራኪ፦
ሰላም የሙያ አጋሮቼ። ጎንደር ከተማ ያለ ጤና ጣቢያ ከሐምሌ 1 እስከ መጋቢት 30 ያለውን ሪፖርት ለከተማው ምክር ቤት የበጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ ሲያቀርብ፣ የግምጃ ቤት በጀት (ከመንግሥት የሚመደበው)፣ የውስጥ ገቢ (ጤና ጣቢያው ራሱ የሚሰበስበው) እና ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ (ከመድኃኒት ሽያጭ የተገኘው ብር ተመልሶ መድኃኒት የሚገዛበት) በአንድ ሰንጠረዥ ይጠቃለሉ ወይስ ይለያዩ? ደግሞስ የፈንዱ ሚዛን ከባንክ መግለጫ ጋር ካልገጠመ የትኛው ይጻፍ?

ቀሓ፦
ይለያዩ። ሲደመሩ ደመወዙ ሁሉን ይውጠዋል፤ ጥቅል አፈጻጸሙ 90% እያሳየ የመድኃኒቱ 40% ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ለየፈንዱ ከአምናው የዞረ፣ የተሰበሰበ፣ የወጣ፣ የቀረ አስገባ።

የሚጻፈው የመዝገቡ ሚዛን ነው፤ ልዩነቱን የባንክ ማስታረቂያው (መዝገቡንና የባንክ መግለጫውን የሚያነጻጽረው ሰነድ) ያብራራዋል። የውስጥ ገቢን በምሳሌ እንየው፦ የዞረው 1,240,000፣ የተሰበሰበው 3,610,000፣ ወጪው 2,980,000 ብር ቢሆን የቀረው 1,870,000 ነው። ከዚህ 220,000ው ያልተወራረደ ተሰብሳቢ (በቅድሚያ ተሰጥቶ ሰነዱ ገና ያልቀረበ ብር) ከሆነ ባንክ ላይ 1,650,000 መኖር አለበት። መግለጫው 1,835,000 ካለ፣ የ185,000ውን ያልተመነዘሩ ቼኮች በየቁጥራቸው ዘርዝር። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ተሰብሳቢን ወጪ አድርጎ ከመቁጠር ነው። ለውሎ አበል በቅድሚያ የተሰጠ ብር ሰነዱ ቀርቦ ተወራርዶ በውሎ አበል የሒሳብ መደብ 6231 ላይ እስኪመዘገብ ድረስ ወጪ አይባልም።

አዘዞ፦
ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ኮሚቴው ፊት የሚያከራክረው ሚዛኑ ሳይሆን ፈቃዱ ነው። የውስጥ ገቢን ጤና ጣቢያው ራሱ ቢሰበስበውም ምክር ቤት ሳያጸድቀው አይወጣም። በቀሓ ምሳሌ ለዓመቱ የጸደቀው 3,000,000 ነበር እንበል። «ገቢ 120% ተሳካ» ብሎ ማስጨብጨብ ቀላል ነው፤ የመውጫ ፈቃዱ ግን የቀረው 20,000 ብር ብቻ ነው! ባንክ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ተቀምጦ ሚያዝያ ላይ መድኃኒት መግዛት አይቻልም ማለት ነው። ከአምናው የዞረውም ቢሆን በዘንድሮው በጀት ካልታወጀ ያው ነው።

ስለዚህ «የጸደቀ በጀት» እና «ያልተፈቀደ ቀሪ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨምር። የተጨማሪ በጀት ጥያቄውንም ከቦርዱ ቃለ ጉባኤ ጋር በገንዘብ መምሪያ በኩል አሁኑኑ ላክ። ሰኔ ላይ ቢጸድቅ ግዢው ዓመቱ ሳይዘጋ አይደርስም።

ማራኪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ተጠይቆ ያልተከፈለውስ የት ይግባ?

ቀሓ፦
ገቢ ውስጥ አታስገባው። ብሩ ገብቶ ደረሰኝ እስኪቆረጥለት ገቢ አይደለም። በአባሪ የተጠየቀውን፣ የተከፈለውን፣ ውድቅ የተደረገውንና ገና በእንጥልጥል ያለውን በሩብ ዓመት ለይተህ አሳይ። ውድቅ የሆነውን ከነምክንያቱ ጻፈው፤ የታካሚ መለያ ቁጥር ጎድሎ ይሁን ዋጋ ተሳስቶ መለየት አለበት፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። በነጻ የሚመጣ የፕሮግራም መድኃኒት ደግሞ ከፈንዱ ጋር አይደመር፤ በዓይነት ለብቻው ይዘርዘር።